የታጠፈ ገጽ አይነበብም

ባለፈው ቅዳሜ የቤታችንን ቆርቆሮ የሚቀይሩ ሠራተኞች ስለመጡ የጓዳው ዕቃ ሁሉ ተግዞ ሳሎን ወጥቶ ነበርና፣ ልጄ ሕሊና እንደ ልማዷ ከመርዳት ይልቅ መበርበሩን መርጣ ከአልጋ ሥር የኖረችውን ሰማያዊ የብረት ሳጥን ከፈተቻት። ሳጥኗ ስትከፈት የድሮ ወረቀትና የእርጥብ ቀርከሃ ሽታ ወጣ፤ ያ ሽታ የቆሰበር ሽታ ነው፤ ዛሬ በየታፔላው እንጅባራ ተብላ ብትጻፍም እኔ ያደግሁባት ከተማ ስሟ ቆሰበር ነበር። ልጄ ከሁሉ በታች የነበረውን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር በጀርባው ልባስ ይዛ ብድግ ስታደርገው ከመሐሉ አንዲት ነገር ወርዳ ሲሚንቶው ላይ ነጠረች። በእኔ ዓይን የምትታይ አልነበረችም። «እማዬ፣ ጤፍ ናት» አለች ሕሊና፣ «አንዲት ፍሬ ጤፍ።» እኔም፣ በቤቴ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቀው ሴት፣ «እንዳትንቀሳቀሺ!» ብዬ ጮኽሁ።

ልጄ አንድ እግሯን እንዳነሣች ቆማ ታየኝ ጀመር። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ የእናቷን ጤንነት መጠራጠር የሚጀመርበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች። አንዲት ጤፍ ለምን እንዳስጮኸችኝ ለመንገር እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ወደ ኖርሁባት ክፍል፣ ወደ ጓደኛዬ ባንቺና ወደ ቲቸር ይኄይስ መመለስ ነበረብኝ።

እኔና ባንቻየሁ፣ ሁሉም ባንቺ የሚላት፣ የአንድ ቀበሌ ልጆች ነን። ሰፈራችን ከቆሰበር በእግር ሦስት ሰዓት ስለሚያስኬድ ስምንተኛን ጨርሰን ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ አባቶቻችን ከአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራዩልን። ግድግዳዋ የተጠላለፈ ቀርከሃ ሆኖ ምርጊቱ ገሚሱ ረግፎ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሳያንኳኳ ይገባና አልጋችን ድረስ ይመጣል፤ ብርድ ልብሳችንን ራሱ ይበርደዋል እንባባል ነበር። በየቅዳሜው አባቶቻችን ድንች የተጫነ ፈረሳቸውን እየነዱ ለገበያ ሲመጡ የሳምንት ስንቃችንን ያመጡልናል፤ እንጀራው እስከ ማክሰኞ፣ ቆሎው እስከ ሐሙስ ያደርሰናል፣ ዓርብን ደግሞ በቅቅል ድንችና በተስፋ እንሻገራታለን።

በቤታችን የሚነገረው አዊኛ ነው። አማርኛ ለእኛ እንደ ዩኒፎርም ነበረ፤ ጠዋት ለብሰነው እንወጣለን፣ ስንመለስ እናወልቀዋለን። እንግሊዝኛማ ገና በልካችን ያልተገኘ ጫማ ነው። ስለዚህ ከገጠር የመጣን ልጆች ክፍል ውስጥ ሥራችን ዝም ማለት ነበር፤ የከተማ ልጆች እጃቸውን ያወጣሉ፣ እኛ ወለል ወለሉን እናያለን። ዝምታችንን ገሚሱ አስተማሪ ጨዋነት፣ ገሚሱ ድንቁርና ይለው ነበር፤ ፍርሃት ነው ያለ ግን አልነበረም።

እኔ ደግሞ ከሌሎቹ የባሰ የምደብቀው ነገር ነበረኝ። ሰሌዳው አይታየኝም። ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ እንኳ አስተማሪው የጻፈው ሁሉ ጉም ውስጥ የቆመ የበግ መንጋ ነበር፤ የሆነ ነገር መኖሩ ይታወቃል፣ ስንት እንደሆነና የማን እንደሆነ ግን አይለይም። ይህንን ለማንም አልተናገርሁም፤ ምክንያቱም ታላቅ እህቴ ጥሩዬ አምስተኛ ክፍል ሳለች «አይታየኝም» ብላ ተናግራ ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም እኛን ሲወድ መጠን አያውቅም። ጠበል ወሰዳት፣ ሁለት ሱባዔ አብሯት ሰነበተ፣ አልሻላት ሲል ግን «የልጄን ዓይን ፊደል በላው» ብሎ ከትምህርት ቤት አስቀራት፤ ጥሩዬም ትምህርት እንዳማራት ቀረች። ከዚያ ወዲህ አባቴ ስንቄን ባስረከበኝ ቁጥር አገጬን ቀና አድርጎ ዓይኖቼን ትክ ብሎ ያያቸዋል፤ «ደህና ናቸው?» ይለኛል፤ «ደህና ናቸው አባዬ» እለዋለሁ። አንድ ቀን እውነቱን ብነግረው ድንቹን ባራገፈበት ፈረስ ላይ አስቀምጦ ወደ ቤት እንደሚወስደኝ፣ የሚወስደኝም ከፍቅሩ የተነሣ እንደሚሆን አውቅ ነበር። ከሚጠላችሁ ሰው መደበቅ ቀላል ነው፤ ከሚወዳችሁ መደበቅ ግን ያደክማል።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርሁ። አስተማሪው እየጻፈ የሚናገረውን በጆሮዬ እይዛለሁ፣ የቀረውን ከባንቺ ደብተር እገለብጣለሁ። ያኔ የወረቀት ችግር ስለነበረ ፈተናም ቢሆን ጥያቄው የሚጻፈው ሰሌዳ ላይ ነው፤ ባንቺ ጥያቄውን ከሰሌዳው ስትገለብጥ እኔ ከእሷ ወረቀት እገለብጥና መልሱን የራሴን እሠራለሁ። ይህን የምታውቀው ባንቺ ብቻ ስትሆን፣ ለማንም ላትናገር በማርያም ምላልኛለች። መልስ ሰርቄ አላውቅም። ነገር ግን አንገቷን ወደ ጎረቤት ያዘነበለች ተማሪ ምን እንደምትሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ብምልስ ማን ያምነኛል?

ቲቸር ይኄይስ የእንግሊዝኛ አስተማሪና የክፍላችን ኃላፊ ሆነው የመጡት ጥቅምት ሲገባ ነው። ከደብረ ማርቆስ በኩል ናቸው ተባለ፤ አዊኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ከክንድ የራቀ ፊት ጉም ስለሚሆንብኝ፣ እኔ የማውቃቸው በድምፃቸው ነበር፤ ዝግ ያለ፣ አንዳንዴም ዓረፍተ ነገሩ መሐል ቆም ብሎ የሚያርፍ ድምፅ ስለነበራቸው፣ ጠና ያሉ፣ ጠጉራቸው ገብስማ የሆነ ሰው አድርጌ በልቤ ሥያቸው ነበር። በመጀመሪያው ዓርብ፣ በየሳምንቱ አንድ ገጽ እንድንጽፍ አዘዙን፤ ስለ ፈለግነው ነገር፣ በምንችለው ቋንቋ፤ እንግሊዝኛ ያቃተው በአማርኛ፣ አማርኛ ያልመጣለት በአዊኛ። ዓርብ ሰብስበው ያነባሉ፣ ሰኞ ይመልሳሉ። ሰው እንዲያይበት የማይፈልገውን የጻፈ ግን ገጹን በቁመቱ ወደ ውስጥ ያጥፈው። «የታጠፈ ገጽ አይነበብም» አሉ፣ «መጻፋችሁን ብቻ ነው የማየው።» ከዚያም የራሳቸውን ደብተር ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ እሳቸውም በየሳምንቱ እንደሚጽፉ፣ የፈለገ በዕረፍት ሰዓት መጥቶ ሊያነብ እንደሚችል፣ የእጥፋቱ ሕግ ግን ለእሳቸውም እንደሚሠራ ነገሩን።

ማን ይመናቸው። ከእሳቸው በፊት የነበረ አንድ አስተማሪ ከአንዲት ልጅ ደብተር ውስጥ ያገኘውን ደብዳቤ ድምፁን እያሳመረ ለክፍሉ ሙሉ አንብቦባት፣ ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲያ በትምህርት ቤቱ በር አላለፈችም። እኛ ደግሞ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እየተባልን ያደግን ልጆች ነን። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ክፍሉ በሙሉ ስለ ላም ጻፈ። ላም አራት እግር አላት፣ ላም ሣር ትበላለች፣ ላም ወተት ትሰጠናለች። ቲቸር ይኄይስ ስልሳውንም ላም አንብበው፣ እርማታቸውን ሠርተው መለሱልንና «እንደዚህ ከብት የበዛለት ክፍል አስተምሬ አላውቅም» ብለው ብቻ ወደ ትምህርታቸው ገቡ።

የጤፏን ነገር ያመጣችው ባንቺ ናት። ባንቺ ሎሚ ስትገዛ እንኳ አንድ በአንድ እያሸተተች ነው፤ ሰው ከማመኗ በፊት ትፈትናለች። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ገጹ ከታጠፈ በኋላ እጥፋቱ ውስጥ አንዲት ፍሬ ጤፍ ጣል ይደረግና ጠርዙ በጥፍር ጫፍ በምትያዝ ሊጥ ይጣበቃል። የከፈተ ሰው ጤፏ ትወድቅበታለች፤ ብትወድቅ አያያትም፤ ቢያያትም ጤፍ መሆኗን እንጂ ዘበኛ መሆኗን አያውቅም። ወሬው ከገጠር ልጆች ወደ ከተማ ልጆች ተዛመተና በሦስተኛው ዓርብ የዘጠነኛ ሐ ደብተሮች በሙሉ ታጥፈው፣ ተጣብቀው፣ ዘበኛቸውን ይዘው ወደ ቲቸር ይኄይስ ቤት ሄዱ። ውስጣቸው ምን ተጽፎ ነበር ብትሉኝ፣ አብዛኛው አሁንም ላም ነበር።

ሰኞ ደብተሮቹ ሲመለሱ ማንም ስለ ውጤት አልጠየቀም። ሁሉም ከፊቱ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሊጡን በጥፍሩ ፈልቀቅ አደረገ። ከፊት አንዷ «አለች» አለች። ከኋላ አንዱ «የእኔም አለች» አለ። ከዚያ በየወንበሩ «አለች፣ አለች» የሚል ሹክሹክታ እንደ ካፊያ ወረደ። ከእያንዳንዱ የታጠፈ ገጽ ጀርባ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ተጽፋለች፤ ለሴቱ «ጽፈሻል»፣ ለወንዱ «ጽፈሃል።» ቲቸር ይኄይስ ስልሳ ተማሪ ወረቀት ላይ አጎንብሶ የማይታይ ነገር ሲፈልግ እያዩ ምንም ሳይጠይቁ ጠመኔያቸውን ይዘው ቆዩ። ቀጥሎ የሆነውን ጸጥታ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የትም አላየሁትም። ትልቅ ሰው፣ በዚያ ላይ አስተማሪ፣ ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያየው፣ ለእኛ ለልጆች የሰጠውን ቃል ጠበቀ። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አናውቅም ነበርና ፈራን ማለት ይቀላል። ያን ቀን በዕረፍት ሰዓት ኳስ የተጫወተ የለም።

ከዚያ በኋላ ላሞቹ እየቀነሱ ሄዱ። ባንቺ አንድ ሙሉ ገጽ በአዊኛ ጻፈችላቸው፤ ሳታጥፍ። ቲቸር ይኄይስ ለሌላ ሰው አሳይቶ ማስተርጎምን ምሥጢር እንደ ማውጣት ስለቆጠሩት፣ በዕረፍት ሰዓት እሷው አጠገብ መጥተው ቁጭ አሉና ቃል በቃል ጠየቋት። እንደዚያ ተጀምሮ አዊኛ የሚማሩ ተማሪ ሆኑ፤ አስተማሪዎቻቸው እኛ ነን። የድንቹን፣ የቀርከሃውን፣ የፈረስ ዕቃውን ስም አስጠናናቸው፤ ጉሮሯቸው እንቢ ሲላቸው እንባችን እስኪወርድ እንስቃለን፣ እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ። ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ከእናቶቻችን ድንች በአዊኛ ሲገዙ የሻጮቹ ሳቅ ከላይኛው ሰፈር ይሰማ ነበር። ሰው እየሳቀባቸው በአደባባይ የሚሞክሩ አስተማሪ ካሉን፣ እኛ እንግሊዝኛ ብንሳሳት ምን እንሆናለን ብለን እጃችንን ማውጣት የጀመርነው ያኔ ነው።

ኅዳር ውስጥ በአንድ ዓርብ እኔም ጻፍሁ። ሰሌዳው እንደማይታየኝ፣ ጥያቄውን ከባንቺ እንደምገለብጥ፣ መልሱን ግን ራሴ እንደምሠራ፣ አባቴ ከሰማ እንደሚያስቀረኝ። በአዊኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስሁት፣ ከላይ ቀኑን ጻፍሁበት፣ ከታች «ምን ላድርግ?» ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያ አጠፍሁት፣ ጤፌን ከተትሁ፣ በሊጥ አጣበቅሁት። ሰኞ ሲመለስ ከጀርባው «ጽፈሻል» ይላል፣ ከሥሩም የኅዳሩ ቀን ተጽፏል፤ ጤፏ እንዳለች ናት። መጀመሪያ እፎይ አልሁ። ማታ ግን ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ተናደድሁ። ለካ እንዲከፍቱት ፈልጌ ነበር። ለካ የጠየቅሁትን ጥያቄ አጥፌ ሰጥቼ መልስ እጠብቅ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ገጽ ጽፌ የዚያችን የምሥጢሬን ገጽ ሊጥ አላቀቅሁት። በሦስተኛው ሳምንት ጤፏን ሳላወጣ እጥፋቱን አላልቼ፣ ንፋስ ቢነካው የሚገለጥ አድርጌ ላክሁት። ሰኞ ደብተሬን ስቀበል የዚያች ገጽ ጠርዝ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ አገኘሁት፤ ከጎኑም በቀይ፣ «ሊከፈትብሽ ነበር» ተብሎ ተጽፏል። ሳቄም ልቅሶዬም ባንድ ላይ መጣ። የሰው ልጅ ይህን ያህል ታማኝና ይህን ያህል የማይገባው ሊሆን ይችላል ብዬ በሆዴ ወቀስኋቸው።

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ጥር ላይ ደረሰ። የታሪክ ፈተና ቀን ጥያቄው ሰሌዳውን ሞልቶ ተጻፈ፤ እኔም እንደ ወትሮዬ ወደ ባንቺ ዘንበል አልሁ። ፈታኙ ከኋላ መጥተው የሁለታችንንም ወረቀት ሲመዙት፣ የእኔን አንገትና የባንቺን ክርን አብረው ነበር የያዙት። የዘጠነኛ ክፍሎች አለቃ የሆኑት ዩኒት ሊደር ቢሮ ቆምን። ቅጣቱ የታወቀ ነው፤ ያስኮረጀም የኮረጀም የዓመቱን ትምህርት ያጣል፣ ወላጅ ይጠራል። ባንቺ አንዲት ቃል ብትናገር ነፃ ትወጣለች። አልተናገረችም። በማርያም የማለችውን መሐላ ይዛ ወለሉን እያየች ቆመች።

ቲቸር ይኄይስ ተጠርተው የተማሪዎቻቸውን ሥራ ይዘው እንዲመጡ ታዘዙ፤ የሁለታችንንም ደብተር ይዘው ገቡ። ዩኒት ሊደሩ የእኔን ሲያገላብጡ በመርፌ ቁልፍ የተያዘችው ገጽ ላይ ደረሱና፣ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ሊነቅሉት ሲሉ ቲቸር ይኄይስ መዳፋቸውን ደብተሩ ላይ አሳረፉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የታጠፈ ገጽ ነው።»

«የሚያድናት ነገር ቢኖርበትስ?»

«ሊኖር ይችላል። የሚጎዳትም ሊኖር ይችላል። አላነበብሁትም።»

«ኅዳር ይላል እኮ ጀርባው። ሁለት ወር ሙሉ?»

«ሁለት ወር ሙሉ» አሉ ቲቸር ይኄይስ። ከዚያ ደብተሩን ከዩኒት ሊደሩ እጅ ቀስ አድርገው ወስደው እኔ እጅ ላይ አኖሩት። «ማንጠግቦሽ፣ ያንቺ ነው። ብትከፍቺውም ባትከፍቺውም ከጎንሽ ነኝ።»

ያቺን ደቂቃ ዛሬም አያታለሁ። እኚህ ሰው ከፊታቸው አለቃቸው ቆመዋል፣ እጃቸው ላይ እኔን የሚያድን ወይም የሚያጠፋ ወረቀት አለ፣ መርፌዋን ለመንቀል ሁለት ጣት ይበቃል። አልነቀሏትም። ሁለት ወር ሙሉ ሰው በሬን ሰብሮ እንዲገባልኝ ስጠብቅ እንደኖርሁ፣ ቁልፉ ግን ከእኔ እጅ ወጥቶ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ባንቺን አየኋት፤ አሁንም ወለሉን ታያለች። መርፌዋን ነቀልሁ። ጤፏ ቀሚሴ ላይ ወደቀች።

ማንበብ ግን አልቻልሁም፤ ድምፄ ጠፋ። «ላንብበው?» አሉኝ፤ በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። ቲቸር ይኄይስ የአዊኛውን ክፍል በአዊኛ አነበቡት፤ እየተደናቀፉ፣ ግን አንዲት ቃል ሳይጥሉ፤ ከዚያ አዊኛ ለማያውቁት ዩኒት ሊደር ወደ አማርኛ መለሱላቸው። መጨረሻዋ ላይ፣ «ምን ላድርግ?» የምትለዋ ዘንድ ሲደርሱ፣ ቆም ብሎ የሚያርፈው ድምፃቸው ቆሞ ቀረ። ዩኒት ሊደሩ በእጃቸው ወደ ግድግዳው እያመለከቱ፣ «እስቲ ያንን ካላንደር አንብቢልኝ» አሉ። እኔም ከልቤ፣ «የትኛውን?» ብዬ ጠየቅሁ። ግድግዳው ላይ ካላንደር መኖሩን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። የታሪክ ፈታኙ ወረቀታችንን አጠገብ ላጠገብ አድርገው ሲያዩት፣ ጥያቄው አንድ ሆኖ መልሱ የተለያየ ነበር፤ የባንቺ ይሻላል።

ቅጣቱ ተሰረዘልን፤ የአባቴ ነገር ግን ገና ነበር። ቅዳሜ ድንቹን አራግፎ ስንቄን ሊሰጠኝ ሲመጣ ቲቸር ይኄይስ በራችን ላይ ቆመው ጠበቁት። እኔ እውነቱን ራሴ ነገርሁት፤ ይህን ለእሳቸው ልተወው አልፈለግሁም። እንደ ፈራሁት ሁሉ ፊቱ ጠቆረና፣ «እግዜር ይስጥልኝ መምህር፤ አንዷን ፊደል በልቶብኛል፣ ሁለተኛዋን አልሰጠውም» አለ። ቲቸር ይኄይስ አልተከራከሩትም። ወደ ፈረሱ ሄደው አንገቱን እያሻሹ፣ በዚያ ገበያ በሚያስቀው አዊኛቸው፣ «አባቴ፣ ይህ ፈረስ ቢያነክስብዎ መንገዱን ይረግማሉ ወይስ ኮቴውን አንሥተው ያያሉ?» አሉት። አባቴ ስለ ፈረስ ተጠይቆ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነው። «ኮቴውን ነው እንጂ» አለ። «እንግዲያው የልጅዎንም ኮቴ እናሳይ።» አባቴ ላለመሣቅ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁ ግን አመለጠው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሦስታችን ባሕር ዳር ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ ቲቸር ይኄይስ ለክፍላቸው ሲሉ በማግስቱ ተመለሱ፣ እኔም ከቀናት በኋላ መነጽሬን አደረግሁ። ከአባቴ ጋር ስንመለስ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ተለጥፌ መጣሁ። ዛፍ ለእኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ አረንጓዴ ነገር ነበር፤ ለካ ቅጠል በቅጠል ነው፣ ለካ እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው ይወዛወዛል። ሌላው ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲህ እያየ እንዴት ዝም ብሎ ሥራውን እንደሚሠራ አልገባኝም። አባቴን ጠራሁትና፣ «አባዬ፣ ዛፉ ሁሉ ተቆጥሮ የሚያልቅ ይመስላል» አልሁት፤ እሱ ደግሞ ዓይኖቼን እንጂ ዛፉን አያይም ነበር። ጥሩዬንም ወዲያው ወሰዳት። መነጽሯን አድርጋ የራሷን ልጅ ሽፋሽፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ስታይ፣ አባቴ ብድግ ብሎ ወጣና ፈረሱን ብዙ ቆይቶ ሲያሻሽ ነበር።

ሰኞ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ የነበሩት በጎች ሁሉ ፊደል ሆነው ጠበቁኝ። ከሰሌዳው ፊት ደግሞ አንድ የማላውቀው ወጣት ቆሟል፤ ጺሙ በቅጡ ያልሞላ፣ የሸሚዙ ኮሌታ በእጅ የተሰፋ፣ ከታላቅ ወንድሜ የማይበልጥ። አፉን ሲከፍት ዝግ ያለው ድምፅ ወጣ። ያን ሁሉ ያደረጉት ሽማግሌ ሳይሆኑ፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጡ በመጀመሪያ ዓመታቸው፣ ከቤታቸው ርቀው፣ እንደ እኛው የሚበርዳቸው ልጅ ነበሩ። ያኔ ነው ከሁሉ የበለጠ የተደነቅሁት።

ቲቸር ይኄይስ ሁለት ዓመት አስተምረውን ወደ ዳንግላ ተዛወሩ። በመጨረሻው ቀን የእኛን ደብተር ለእኛ መለሱ፣ የራሳቸውን ደግሞ እኔ ዘንድ አኖሩት። ስልሳ ልጅ ሲያገላብጠው የኖረ ደብተር ነውና ሁሉንም ገጽ አውቀዋለሁ፤ ስለ እናታቸው፣ ስለ ቆሰበር ብርድ፣ ማርቆስ ስለቀረች አንዲት ልጅ የጻፉትን ሁሉ። የመጨረሻዋ ገጽ ግን ታጥፋለች፤ ጠርዟም በሊጥ ተጣብቋል። ደብተሩን ብርሃን ላይ ከፍ ሳደርገው እጥፋቱ ውስጥ አንዲት ነጥብ ታየችኝ። ጤፍ ናት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ኖሯል።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ለሥራ ዳንግላ ስሄድ፣ መናኸሪያው ላይ አገኘኋቸው። ጠጉራቸው እውነትም ገብስማ ሆኖ ነበር። ደብተሩ እኔ ዘንድ እንዳለ ስነግራቸው፣ «አሁንም አልከፈትሽውም?» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ይከፈት ይላሉ ቲቸር?» አልኋቸው። «ተይው፤ አንድ ቀን ቤትሽ መጥቼ እኔው እከፍተዋለሁ፤ አንቺ ብቻ እራት አሰናጂ» አሉኝ። የሚኒባሱ ረዳት እየጠራኝ ስለነበር ሮጥሁ። ቀኑን አልተቀጣጠርንም። ቀን ያለ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ዓመት፣ ዛሬ እሷም አዲስ ቅዳም ከተማ እንግሊዝኛ የምታስተምረው ባንቺ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ማረፋቸውን ደውላ ነገረችኝ፤ ዳንግላ የደረስነው ለለቅሶው እንጂ ለቀብሩ አልነበረም።

ሕሊና ይህን ሁሉ የሰማችው ጤፏን እንዳትረግጥ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ነው። «ታዲያ ምን ይላል?» አለችኝ። አላውቅም አልኋት። ልጄ ስልኳን በጣቷ አሻራ የምትቆልፍ ልጅ ናት፤ ደብተሩን በእጇ ይዛ ሊጡ የተላቀቀውን ጠርዝ አየችው። «አሁን እኮ ሞተዋል እማዬ። ማን ያውቃል?»

ይህንኑ ለራሴ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ያን ገጽ ለማንበብ የማልሰጠው ነገር የለም። ትልቅ ነገር ይሁን ትንሽ አላውቅም፤ ደግሞ ቲቸር ይኄይስን ሳውቃቸው፣ ላም አራት እግር አላት ብለው ጽፈው ቢሆንስ? ያጣሁት ግን ጽሑፉን አይደለም። አንድ ቀን ይህን በር አንኳኩተው፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በገዛ እጃቸው የሚገልጡትን ሰው ነው። አሁን ያ ገጽ ባለቤት የለውም፤ ክፈቺው የሚለኝም፣ አትክፈቺው የሚለኝም የለም። ይህን ለልጄ ልነግራት ብዬ ድምፄ እንደ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ቀን ጠፋብኝ።

ሕሊና ትንሽ አየችኝና ተንበረከከች። የስልኳን መብራት አብርታ ሲሚንቶውን ስንዝር በስንዝር ፈለገችው፤ የጣቷን ጫፍ በምላሷ አርጥባ ጤፏን አነሣቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በዳበሳ፣ እጥፋቱ ውስጥ መለሰቻት። ደብተሩን ለእኔ ሰጥታኝ ወደ ማድ ቤት ሄደች፤ ስትመለስ ጥፍሯ ጫፍ ላይ ሊጥ ይዛ ነበር።